ሰው የሚሠፍርበትን ቦታ ማን ይመርጥለታል?

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው የሚኖርበትን ቦታ በገዛ ፈቃዱ የመረጠ ይመስለዋል። «ከዚህ ሠፈር የምትኖረው ስለ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ከሁለት መልስ አንዱን ይሰጣል፤ ወይ «ኪራዩ ረከሰልኝ» ይላል፣ ወይ «ለሥራዬ ይቀርበኛል» ይላል። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ርካሽ ቤት በብዙ ቦታ ይገኛልና፣ የዚያን ያንዱን ቤት ወሬ ለሰውዬው ማን እንዳደረሰለት፣ ለአከራዩ ማን ዋስ እንደ ሆነለት፣ የመጀመሪያውን ወር የሚተኛበትን ፍራሽ ማን እንዳዋሰው ብንመረምር፣ ብዙውን ጊዜ ከነገሩ ሥር አንድ ዘመድ ተቀምጦ እናገኛለን። ዘመዱም በበኩሉ እዚያ የተገኘበት ምክንያት አለው። እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ብንሄድ ካንድ ወንዝ፣ ካንድ ገበያ፣ ካንድ አዋጅ ወይም ካንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደርሳለን።

በ2016 ዓ.ም. ይህ ጉዳይ ከቤታችን ድረስ ስለ መጣ ብዙ እንዳስብበት ሆንሁ። ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ፣ መምህሮቼና ወላጆች በትዕግሥት ቢያነቡልኝ፣ ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና ከአያቴ አፍ የሰማሁትን አጋጥሜ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። የምናገረው ስለ አዲስ አበባ ነው፤ የማውቀው እርሷን ነውና።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ የተቆረቆረች ከተማ መሆኗን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ሠፈር ስለሚለው ቃል ግን ብዙ አላሰብንም። ሠፈረ ማለት ከመንገድ ዐረፈ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። ሠፈርም የዘመቻ ቃል ነው። ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ሜዳው ሲወርዱ ግቢያቸውን ከጉብታ ላይ አደረጉ፤ መኳንንቱም በየተሰጣቸው ቦታ ጉብታ ጉብታውን ይዘው ሠፈሩ። ባንድ ራስ ወይም ባንድ ደጃዝማች ቤት ዙሪያ ወታደሩ፣ ዘመዱ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩና እንጨት ፈላጩ ጎጆውን ቀለሰ። ባንዱ ሠፈርና በሌላው መካከል ወንዝ ወይም ገደል ነበረ። ራስ ካሣ ሠፈር፣ ራስ ብሩ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር የሚሉትን ስሞች ስንሰማ፣ ተከታይ ጌታውን፣ ዘመድም ዘመዱን ተከትሎ የሠፈረበትን ሥርዐት እንሰማለን። ባለጸጋውና ድኻው ባንድ አጥር ጥግ መኖራቸው የሚያስገርማቸው የውጭ አገር ሰዎች አሉ። ምክንያቱ ይኸው ነው። ከተማይቱ በመጀመሪያ የተከፋፈለችው በሀብት ልክ ሳይሆን «የማን ሰው ነህ?» በሚል ጥያቄ ነው።

ቦታውም ደግሞ ሰውን ሊያባርር ይችላል። በዙሪያው የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ ባለቀ ጊዜ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበረ ታሪክ ይናገራል። ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለ በቀለ ነገሩ ቀረ። ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ እኔም ይህን የምጽፈው ምናልባት አዲስ ዓለም ላይ ተቀምጬ ነበር።

ከመኳንንቱ ቀጥሎ ሰውን ባንድ ቦታ የሰበሰበው የእጅ ሥራና ንግድ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በጉለሌ በኩል ብዙዎች ናቸው። ይህ የሆነው ስለ ምን ነው? ለሸማ ሥራ የሽሮ ሜዳ አየር ከሌላው የተለየ ጥቅም የለውም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሸማኔ ከተማ ገብቶ ሥራ ሲይዝ የወንድሙን ልጅ ያስመጣል። ልጁ ከአጎቱ ቤት እየተኛ፣ ከአጎቱ መሶብ እየበላ፣ መጀመሪያ ድውር ያደውራል፤ ቀጥሎ ከሸማኔው ጉድጓድ ገብቶ መወርወሪያ መወርወር ይማራል። በሠለጠነ ጊዜ የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የሚቆፍረውም ክር የሚያበድረውና ጥበቡን የሚገዛው ነጋዴ ካለበት፣ ከአጎቱ አጠገብ ነው። ከዚያ እርሱም በተራው ሌላ ልጅ ያስመጣል። እንዲህ እየሆነ አንድ ቤት ሠፈር ይሆናል።

የመርካቶም ነገር ከዚህ አይርቅም። ትልቁ ገበያ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከሰባት ቤት ጉራጌ የመጣ ወጣት ባገሩ ልጅ ሱቅ በር ላይ ጫማ እየጠረገ ወይም ዕቃ እየተሸከመ ይጀምራል፤ በእቁብ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ በመጨረሻም የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ይህ ሰው «መርካቶን መረጥሁ» ቢል በደንብ አልተናገረም፤ መርካቶ ያለው ዘመዱ መረጠለት እንጂ።

ጣሊያኖች ግን ሰውን በዘርና በደመወዝ ለያይተው ለማስፈር ዐቅደው ነበር። ካዛንቺስ የሚለው ስም ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት ስም አጠራር የመጣ ነው፤ ፖፖላሬም እንዲሁ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሆኖ የሕዝብ ቤት እንደ ማለት ነው። ዕቅዱ ከአምስት ዓመት አላለፈም፤ ስሞቹን ግን የከተማው ሰው እንደ ገዛ ቋንቋው አድርጎ ያዛቸው።

እንግዲህ ወደ አያቴ ልምጣ። አያቴ ከቡልጋ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በ1955 ዓ.ም. በ14 ዓመታቸው ነው። ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሠፈር ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ አክስት ነበሯቸው። አንድ ቀን «እማማ፣ አዲስ አበባን እንዴት መረጡ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እታለም ቤት ልሂድ ብዬ ነው እንጂ አዲስ አበባ ልሂድ ብዬ መች መጣሁ» አሉኝ። አክስታቸው ደሴ ወይም ናዝሬት ኖረው ቢሆን ኖሮ እኔ ምናልባት የደሴ ወይም የናዝሬት ልጅ በሆንሁ ነበር።

ዶሮ ማነቂያ ከፒያሳ አጠገብ የነበረ፣ ጠባብ መንገድ የበዛበት ሠፈር ነው። ከዚያ ወደ ፒያሳ ሱቆች፣ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ፣ ወደ አራት ኪሎ በእግር ይደረሳል። ለድኻ ሰው በእግር መድረስ ማለት ታላቅ ሀብት ነው። ልብስ አጣቢዋ፣ ዳቦ ሻጯ፣ የሆቴል አሳላፊው የሚያገኙት ገንዘብ በመኪና ሒሳብ አያልቅባቸውም። ቤቱ ቢጠብ፣ ጭቃው ቢረግፍ፣ ቆርቆሮው ቢያፈስ፣ ሰው ከመሐል ከተማ የማይለቀው ስለዚህ ነው። ይህን ከውጭ የሚያዩ ሰዎች አይረዱትም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። አያቴ በዚያን ጊዜ ባል አግብተው ከአክስታቸው ቤት አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ነበር። አዋጁ ካንድ መኖሪያ ቤት በላይ የነበረው ሰው ትርፉን እንዲለቅ አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትም ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። እንዲህ ሆኖ አያቴ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆኑ።

ስለዚህ አዋጅ ሰዎች የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ቤቱ የተወሰደበት ሰውና ኪራዩ የተቀነሰለት ሰው አንድ ዓይነት ታሪክ ሊናገሩ አይችሉምና በዚህ ላይ ፍርድ አልሰጥም። እኔ ልናገር የምወደው ሰዎች ብዙ ስለማያነሡት አንድ ውጤቱ ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለብዙ ዓመታት ባለበት ሲቆይ፣ በሌላው ቦታ ያለው ኪራይ እየናረ ሄደ። የከተማውም ሕዝብ በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል የነበረው በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ያህል ደረሰ። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ያለው ሰው ከዚያ ቤት አይንቀሳቀስም፤ ልጆቹም አይንቀሳቀሱም። ወንዱ ልጅ ሲያገባ ሚስቱን ይዞ እዚያው ይገባል፤ ከጓሮው በቆርቆሮ አንድ ክፍል ይቀጠላል። ያም ሲሞላ ከጣሪያው ሥር ቆጥ ይሠራል። በአያቴ ቤት ባንድ ወቅት ዘጠኝ ሰው ያድር እንደ ነበረ አባቴ ነግሮኛል። አባቴና ወንድሞቹ ከቆጡ ላይ፣ አክስቶቼ ከአያቴ ጋራ ከታች፣ ከቡልጋ ለሕክምና ወይም ለትምህርት የመጣ እንግዳ ያለ እንደ ሆነ እርሱ ከመደቡ ላይ ያድር ነበር። አባቴ ለፈተና ያጠናው ከቆጡ ላይ ተንጋልሎ ነው። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የሚያነበውን ቃል የገዛ ጆሮው እንኳ አይሰማውም ነበር ይላል፤ ሲናገረውም ይስቃል።

ያን ግቢ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው ጥቂት ልግለጸው። ስድስት አባወራ ነበረበት። የግቢው በር አንድ፣ የውሃው ቧንቧ አንድ፣ የመብራቱ ቆጣሪ አንድ፣ መጸዳጃውም አንድ ነበረ። የመብራትና የውሃ ሒሳብ በመጣ ቁጥር ክርክር ይነሣል። በዚህ ወር ማን ብዙ እንጀራ እንደ ጋገረ፣ ማን ካውያ እንዳበዛ፣ የማን ልጅ ቧንቧውን ክፍት ትቶ እንደ ሄደ ሁሉ ይቆጠር ነበር። ይህን መናገሬ የድሮ ሠፈር ሁሉ ፍቅር ብቻ ነበረ የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። መጸዳጃው በሞላ ጊዜ ፍቅር የሚለው ሰው አልነበረም።

ቢሆንም ሌላም ነገር ነበረ። ቡና በሦስት ቤት በተራ ይፈላል፤ የማን ተራ እንደ ሆነ ሳይነገር ይታወቃል። ልጅ ቢታመም እናቱ ከሥራ እስክትመለስ የሚይዘው አይታጣም። በርበሬ የሚቀነጠሰው፣ ጌሾ የሚሰጣው፣ ሽሮ የሚታመሰው በጋራ ደጃፍ ላይ ነው። አያቴ ከግቢው በር ወጥተው መቶ እርምጃ ሳይሄዱ ዘይቱንም፣ ጨዋውንም፣ የሚያጫውታቸውንም ሰው ያገኛሉ።

እኛ ራሳችን ከዚያ ግቢ አንኖርም ነበር። አባቴ ሲያገባ ፈረንሣይ ለጋሲዮን አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራየ። በዚያው ገንዘብ ከከተማው ዳር ሰፋ ያለ ቤት ይገኝ ነበር። ነገር ግን እናቴ ሥራ ስትሄድ እኔንና ታናሽ እኅቴን ጧት ከአያቴ ዘንድ አድርሳን ማታ ትወስደን ነበር። ለሞግዚት የሚከፈለውና ለመኪና የሚወጣው ተደምሮ ሲሰላ ትንሹ ቤት ሰፊ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አባቴን ፈረንሣይ ያኖረው የፈረንሣይ ሠፈር ውበት አይደለም፤ ከአያቴ ደጃፍ ያለው ያንድ ታክሲ መንገድ ነው። በየክፍላችን ያሉ ጓደኞቼም ወላጆቻቸውን ቢጠይቁ ከዚህ የማይርቅ መልስ የሚያገኙ ይመስለኛል። እኔ አንዳንዶቹን ጠይቄ እንዲህ ያለ መልስ አግኝቻለሁ።

ሰውን ካንድ ቦታ አጥብቆ የሚያስረው ግን ከሁሉ ይልቅ እድር ነው። ዘመድነት በሥጋ ነው፤ እድር ግን በቦታ ነው። በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ትንሽ ነው። ዋናው ነገር ለቅሶ በደረሰ ጊዜ ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያመጣ፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ከሐዘንተኛው ጋራ የሚቀመጥ ሰው መኖሩ ነው። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ይህን ሁሉ ሰው ከሩቅ ሆኖ ሊያደርገው አይችልም። ሆኖም ከሠፈሩ የወጡ ሰዎች እድራቸውን በቀላሉ አይተዉም። ክፍያው ቀን ሲደርስ ከከተማው ዳር ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይረው ይመጣሉ። በአዲሱ ሠፈራቸው እድር ሲቋቋም ደግሞ እዚያም ይመዘገባሉ። በሁለት ቦታ ለመቀበር የሚሰናዱ ይመስላሉ።

ኮንዶሚኒየም የምንለው የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ በ1997 ዓ.ም. ሲደረግ ታናሽ አክስቴ ከተመዘገቡት አንዷ ነበረች። በዚያ ምዝገባ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተከፍቶ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉ ክፍሎች ተመደበ፤ ፊተኛው ቁጥር ተመዝጋቢው ራሱ የሚቆጥበው በመቶ ሲሆን ኋለኛው ከባንክ የሚበደረው ነው። ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ነው። ዕጣ በትክክል የወጣ እንደ ሆነ ደግ ነገር ነው፤ አማላጅ አይሰማም። ነገር ግን ዕጣ ዘመድ አያውቅም። እናትን ባንድ ጫፍ፣ ልጅን በሌላ ጫፍ ይጥላል። ከአያት ቤት አንድ ታክሲ፣ ከሥራ ግማሽ ሰዓት ብሎ አይመትርም።

ለአክስቴ በ2003 ዓ.ም. ጀሞ አራተኛ ፎቅ ደረሳት። ዘመዱ ሁሉ እልል አለ። አክስቴ ግን ቤቱን አከራይታ በኪራዩ የባንኩን ዕዳ መክፈል ጀመረች፤ ራሷ ከአያቴ ዘንድ እንደ ቀረች ነው። «ሰው ቤት ደርሶት እንዴት አይገባበትም?» ብለው የሚገረሙ አሉ። ሥራዋ ፒያሳ፣ እናቷ ፒያሳ፣ እድሯ ፒያሳ ነው፤ ጀሞ ያላት ቁልፍ ብቻ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስታገባ ገባችበት። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ እንደ ነበረ ትናገራለች። ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ይዞ አራት ፎቅ መውጣት አለ። ለፋሲካ በግ ለማረድ ወደ ጋራ መጠቀሚያው ቤት ወርዶ ተራ መጠበቅ አለ። ከዚህ ሁሉ የከበዳት ግን በዚያ ዓመት ጨው ልትበደራት የመጣች ጎረቤት አለመኖሯ ነው። «በሬ ተዘግቶ ዋለ» ትላለች። ቆይቶ ግን ነገሩ ተለወጠ። ባንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቤተ ሰቦች በመጀመሪያ ስለ ደረጃው ጽዳት ተጣሉ፤ ከዚያ ለመታረቅ ቡና ተጠራሩ፤ ከዚያም እድር አቋቋሙ። ዛሬ አክስቴን ከጀሞ ማውጣት ጭንቅ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ጠባይ ባሕር ተሻግሮም አይለቀንም። በዋሽንግተን ከተማ የአገራችን ሰዎች መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሠፈር ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ጎዳና፣ ከዚያም ከከተማው ውጭ ወዳሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እየተጎተቱ ሄዱ። ትልቁ አጎቴ በሄደ ጊዜ ያረፈው ሲልቨር ስፕሪንግ ካንድ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ቤት ነው። ከዚያ ሕንፃ እስከ ዛሬ ሁለት መንገድ አልራቀም። አሜሪካን የሚያህል ሰፊ አገር ሄዶ የሠፈሩን ልጅ ጎረቤት አድርጎ ተቀመጠ።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በሌሎችም ቦታዎች ለኮሪደር ልማት ቤቶች ሲነሡ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ተነሣ። እንደ አያቴ ላሉት የቀበሌ ቤት ተከራዮች የቀረበው ምርጫ ወይ በምትኩ ሌላ የቀበሌ ቤት፣ ወይ ኮንዶሚኒየም ነበር። ጊዜው አጭር ነበረ። ያን ሰሞን ባንድ ማታ ቤተ ሰቡ በሙሉ ከአያቴ ቤት ተሰበሰበ፤ አጎቴም ከአሜሪካ በስልክ ገባ።

አክስቴ «እማዬ ከእኔ ጋር ጀሞ ትግባ፤ አንድ ክፍል ለብቻዋ እለቅላታለሁ» አለች። አባቴ «ቤቴ ጠባብ ነው፤ ግን ለቤተ ክርስቲያኑም ለሐኪሙም የሚቀርበው የእኔ ነው» አለ። አጎቴ ደግሞ ደኅና ቤት ተከራዩላትና ገንዘቡን እኔ እልካለሁ አለ። ሁሉም ከልባቸው ነው የተናገሩት። ለመውሰድ እንጂ ለመሸሽ የተከራከረ ሰው አልነበረም። አያቴ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «አበልጄ የት ሊገቡ ነው?» አሉ።

አበልጃቸው የአክስቴ ክርስትና እናት ናቸው፤ በግቢው ማዶ ካለው ቤት ይኖሩ ነበር። ከአያቴ ጋራ ሠላሳ ዓመት በላይ ቡና ጠጥተዋል። ሁለቱም ባሎቻቸውን የቀበሩት ካንዱ እድር ድንኳን ሥር ነው። እርሳቸው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሊገቡ እንደ ሆነ ተነገራቸው። «እንግዲያው እኔም አራብሳ» አሉ።

አክስቴ አለቀሰች። «ልጆችሽ ቁመን ሳለን ከጎረቤት ጋር ትኖሪያለሽ? ሰው ምን ይለናል?» አለች። አባቴ ነገሩን ለማብረድ ብሎ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ተረት ጠቀሰ፤ ይህም አባባሰው። «እኔ ነኝ የሩቅ ዘመድ?» ብላ ተነሥታ ወጣች። አያቴ ግን ቃላቸውን አልለወጡም። እንዲህ አሉ፤ «እናንተ ጧት ትወጣላችሁ፣ ማታ ትገባላችሁ። ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው። እኔ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ልቀመጥ ነው? ከፎቅ ላይ ሆኜ መስኮት ልጠብቅ? ሌሊቱንማ ማንም ቢሆን ተኝቶ ያድረዋል።»

ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እኛ ስለ ቤት ስንነጋገር የምንነጋገረው ማታ ስለምናድርበት ቦታ ነበር፤ አያቴ ግን የሚናገሩት ስለሚውሉበት ቦታ ነው። ቀኑን ከቤት የሚውሉት ሽማግሌዎች፣ ባልቴቶችና ሕፃናት ናቸው። ስለ ቤት የሚወስኑት ግን ቀኑን ከቤት የማይውሉት ናቸው። ለአያቴ በእውነት የቅርብ ዘመድ ማን እንደ ሆነ የሥጋ ሐረግ ቈጥሮ መናገር አይቻልም።

ዕጣው ሲወጣ አበልጃቸው ከመሬት ቤት፣ አያቴ ደግሞ ባጠገቡ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ግድግዳውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ሲመሽ የሕንፃው ልጆች ደግፈው ያወጧቸዋል። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፤ መጸዳጃውም የብቻቸው ነው፤ ይህን ራሳቸው ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ጊዮርጊስ ግን ሩቅ ሆነባቸው። ከግቢው ስድስት አባወራ አራብሳ የገቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በየአቅጣጫው ተበተኑ። አክስቴ ሁለት ወር ያህል ከኮረፈች በኋላ አንድ እሑድ ድፎ ዳቦ ጋግራ መጣች፤ ከክርስትና እናቷም ቤት ገብታ ቡና ጠጣች።

የእኛም ነገር ተናወጠ። አያቴ ከፒያሳ ከሄዱ በኋላ ፈረንሣይ በጠባብ ቤት የምንኖርበት ምክንያት የለም። እናቴ አራብሳ አጠገብ ሰፊ ቤት መከራየት ፈለገች። ያን ጊዜ እኔ ትምህርት ቤት እለውጥ እንደ ሆነ ተጠየቅሁ። ከጓደኞቼም፣ ከመምህሮቼም፣ ከቤተ መጻሕፍታችንም መለየት አልወደድሁም፤ አባቴም እንዲሁ። ስለዚህ 12ኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ እንድንቆይ ተወሰነ። በፊት አባቴን ፈረንሣይ ያኖሩት አያቴ ነበሩ፤ አሁን የማኖረው እኔ ሆንሁ ማለት ነው። ሦስት ሰው በእኔ ምክንያት በሁለት ክፍል እንደሚኖር ሳስብ ለማጥናት ብርቱ ምክንያት ይሆነኛል። ቅዳሜ ማታ አያቴ ዘንድ ሄጄ አድራለሁ፤ መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ የታሪክ ንባቤን የምጨርሰው ከአውቶቡሱ ላይ ነው።

የእድሩ ነገር ገና አላለቀም። አባሎቹ በተበተኑ ጊዜ ገንዘቡን ተካፍለን እንፍረስ ያሉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ፣ በተለይ ሽማግሌዎቹ፣ የከፈልነው ለገንዘቡ አይደለም ብለው ተቃወሙ። ከብዙ ክርክር በኋላ እድሩ ይቀጥል፣ ወርኃዊው ስብሰባም ከጊዮርጊስ ቅጽር አጠገብ ይሁን ተብሎ ተወሰነ። አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ለየአቅጣጫው ተከፋፈሉ። ድንኳኑ ግን አንድ ስለ ሆነ አይከፈልም። ለሁሉም አቅጣጫ መካከል የሆነው የአባቴ ቤት ሆኖ ስለ ተገኘ፣ እንደ ተጠቀለለ ከበረንዳችን ላይ ተቀመጠ። አከራያችን እስከ መቼ እንደሚቆይ ሁለት ጊዜ ጠይቃናለች፤ አባቴም ሁለት ጊዜ ቡና ጠርቷታል። ባለፈው ክረምት አራብሳ ከገቡት አባሎች አንዱ ባረፉ ጊዜ አራት ሰዎች በሌሊት አይሱዙ ይዘው መጥተው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ እስከ ወገቡ የአራብሳን ጭቃ ይዞ ነበረና፣ እናቴና እኔ በማግሥቱ አጥበን ካጥሩ ላይ አሰጣነው።